ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ማገገሚያውን በቴሌግራም ግሩፕ እንዴት እንደተከታተልነው

የምኖረው አራት ኪሎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። ጃንሜዳ ኳስ ስጫወት የተበጠሰው ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቴ ጅማት በቀዶ ጥገና ከተተካልኝ በኋላ፣ ያንን ደረጃ በክራንች እየወረድኩ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሜ በየሁለት ቀኑ ፊዚዮቴራፒ መመላለስ አልቻልኩም። በሳምንት አንዴ በአካል እየሄድኩ የቀረውን በቴሌግራም ግሩፕ ተከታተልኩ። ያው ቀዶ ጥገና ለሚጠብቃችሁ አሠራራችንን ልንገራችሁ።

ግሩፑን አታብዙት። እኛ አምስት ነበርን፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ እኔ፣ ስልኩን የምትይዝልኝ እህቴ፣ እና ከእኔ ቀድመው ቀዶ ጥገናው የተሠራላቸው ሁለት ልጆች። ክፍያውንና ባለሙያዋ የምትመልስበትን ሰዓት ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ማታ ቁጭ ብሎ የሰው ጉልበት ማየት ሥራ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሰጣችሁን መመሪያ ፎቶ አንስታችሁ ፒን አድርጉት። ሜኒስከስ (በጉልበት መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ትራስ የሚያገለግለው ልም አጥንት) አብሮ የተሰፋለት ሰው የሚረግጥበትና የሚያጥፍበት መጠን ስለሚለይ የሌላውን እንቅስቃሴ አይታችሁ አትሥሩ።

ለቪዲዮው ቁምጣ ልበሱ። ስልኩ ከጎን በኩል፣ በጉልበት ቁመት ይሁን፤ እኛ በርጩማ ላይ አድርገን በስኳር ጣሳ እናስደግፈው ነበር። ሁልጊዜ ያው ቦታ፣ ያው ርቀት፤ አለዚያ የዛሬውን ከትናንቱ ማወዳደር አይቻልም። የቀጥታ ጥሪ ኔትወርክ ሲደክም ይቆራረጣል፤ 20 ሰከንድ ቀርጾ መላክ ይሻላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትልቁ ሥራ እግርን መዘርጋት ነው። ጋቢ ጠቅልላችሁ ከተረከዝ ሥር አድርጉና ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይውረድ፤ የጭን ጡንቻችሁን ወጥራችሁ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። ማታ ማታ እህቴ ጋቢውን አንስታ፣ እግሬን ወለል ላይ ዘርግታ፣ መዳፏን ከጉልበቴ ሥር ታስገባለች። በ3ኛው ቀን ጣቶቿ እንደልብ ያልፉ ነበር። በ12ኛው ቀን ጥፍሯ ላይ ቆመ፤ ልክ እንደ ጤነኛው እግሬ። ያን ቪዲዮ ስንልክ ሁላችንም አለቀስን።

ጠያቂ ሲመጣ ተጠንቀቁ። አንዲት ጎረቤታችን «እግዜር ይማርህ ልጄ» እያሉ ትራስ ከጉልበቴ ሥር ሸጎጡልኝ። ይመቻል፣ ሕመሙም ቀለል ይላል፤ ግን ጉልበት እንደታጠፈ ከደረቀ ማቃናቱ ይከብዳል፣ ሰውም ያነክሳል። ባለሙያዋ የማታውን ፎቶ አይታ ወዲያው አስወጣችው።

በየእሁዱ በልብስ ሰፊ ሜትር ከጉልበት ሎሚ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ሁለቱንም ጭን ለኩና ቁጥሩን ጻፉ፤ የከሳው ጡንቻ ሲመለስ ይታያችኋል።

ባታችሁ ካበጠና ካመመ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን የግሩፕ መልስ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ ጠፍቶ «ድኛለሁ» ያሰኛል፤ የተተካው ጅማት ግን በጣም የሚደክመው ያኔ ነው። ከልጆቹ አንዱ በ10ኛው ሳምንት መስቀል አደባባይ ሊሮጥ ተነስቶ ነበር። ባለሙያዋ በአንድ እግሩ ቁጢጥ ሲል ቀርጾ እንዲልክ አዘዘችው፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲገባ በቀይ መስመር አሳየችውና ተወው። ኳስ ከ9 ወር በፊት አይታሰብም፤ ያኔም ጥንካሬውና የአንድ እግር ዝላዩ የጤነኛውን ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ይህን ፈተና በስልክ አናደርገውም፤ ባለሙያዋ ዘንድ ሄደን፣ መሬት ላይ በተዘረጋ ሜትር ነው የምንዘለው።