ግሎሲ ወይስ ማት? ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት ክፍላችሁን እዩ

ኮምፒውተር ሲገዛ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ራምና ፕሮሰሰር ነው። የስክሪኑን ገጽ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዓይናችሁ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው ደግሞ እሱ ላይ ነው።

ግሎሲ ስክሪን ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ያረፈበትን ብርሃን እንደ መስታወት በአንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከጀርባችሁ ያለው መስኮት፣ አምፖሉ፣ የራሳችሁም ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማት ግን ገጹ በዓይን የማይለይ ሸካራነት ስላለው ብርሃኑን ይበታትነዋል። አምፖሉ አልጠፋም፤ ቅርጹን አጥቶ የደበዘዘ ብርሃን ሆነ እንጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ካረፈበት ማትም አያዋጣም፤ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል።

ማት የራሱ ጉድለትም አለው። ያ ሸካራነት ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን ከስክሪኑ የሚወጣውንም ብርሃን ስለሚበትን፣ ነጭ ገጽ ላይ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስልባቸው ሞኒተሮች አሉ፣ በተለይ ሽፋኑ ጠንከር ያለ ከሆነ። ቀለሙም እንደ ግሎሲው አይደምቅም።

ታዲያ እንዴት ይመረጣል? ስልካችሁን አጥፉና ስክሪኑ በሚቀመጥበት ቦታ አቁሙት። የስልክ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ግሎሲ ስለሆነ ጥሩ መፈተኛ ነው። ሁልጊዜ በምትሠሩበት ሰዓት ተቀመጡና እዩት። ጥቁሩ ላይ መስኮት ወይም መብራት ከታያችሁ፣ ግሎሲ ብትገዙ ጥቁር የበዛበት ፊልም ስታዩ ወይም ዳርክ ሞድ (ጥቁር መደብ) ስትጠቀሙ የሚረብሻችሁ እሱ ነው። ነጭ ገጽ ነጸብራቅን ይደብቃል፣ ጥቁር ያጋልጣል። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጠረጴዛውን አዙሩት፤ መስኮቱ በጎን ሲሆን ችግሩ ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ወጪም የለውም።

ቀን ቀን ብርሃን በበዛበት ክፍል ጽሑፍ፣ ኤክሴል ወይም ኮድ ላይ የምትውሉ ከሆነ እኔ ያለምንም ማመንታት ማት ውሰዱ እላለሁ። ማታ መብራት ቀንሳችሁ ፊልም የምታዩ ወይም ጌም የምትጫወቱ ግን ግሎሲን የሚያህል አታገኙም፤ ጨለማ ውስጥ የሚያንጸባርቀው ነገር ስለሌለ ጥቁሩ ጥቁር ነው። በንክኪ የሚሠሩና ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚያወጣበት ስክሪን) ያላቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ ግሎሲ ስለሆኑ እዚያ ምርጫው ጠባብ ነው።

ብራይትነሱንም ተመልከቱ። 250 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) ብቻ የሚሰጥ ግሎሲ ላፕቶፕ ብሩህ ክፍል ውስጥ ያስቸግራል፤ 400 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነጸብራቁን ይቋቋማል። ሱቅ ውስጥ የሚያሳዩአችሁ ባለቀለም ቪዲዮ እንዳያታልላችሁ። ጥቁር ምስልና ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ነጭ ገጽ አስከፍታችሁ እዩ።

ሦስተኛ አማራጭም አለ። አንዳንድ ግሎሲ ስክሪኖች አንቲ-ሪፍሌክሽን የሚባል ሽፋን ይቀባሉ። ይሄ ብርሃኑን አይበትንም። ስስ ንብርብሮቹ የሚመለሱትን የብርሃን ሞገዶች እርስ በርስ ያጠፋፏቸዋል። ያልተቀባ መስታወት ከአንድ ገጹ ወደ 4 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን ይመልሳል፤ ሽፋኑ ይህን በጣም ይቀንሰዋል፣ ምስሉም ጥራቱን አያጣም። ገንዘቡ ካላችሁ እሱን ፈልጉ። ሻጮች ግን ከማቱ ጋር ስለሚያቀላቅሉት የሚጽፉትን አትመኑ፣ ስክሪኑን አጥፍታችሁ እዩት።

ግሎሲ ገዝታችሁ ከተቸገራችሁ ማት ፊልም መለጠፍ ይቻላል፤ ጥራቱ ግን ከፋብሪካ ማት ሆኖ የወጣውን አያህልም። ማቱን ልጦ ግሎሲ ለማድረግ ግን አትሞክሩ፣ ስክሪኑን ታበላሹታላችሁ።

ስታጸዱም በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይሁን፣ ካስፈለገ በውሃ ትንሽ አርጥቡት። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሽፋኑን ይጎዳል። ማቱን ደግሞ አጥብቃችሁ አትፈትጉ፤ የተፈተገው ቦታ ላይ የማይለቅ የሚያብረቀርቅ ምልክት ሊቀር ይችላል።