ጉርምርምታ የሌለው የሸክላ ፕሪአምፕ በቤት እንዴት ይሰራል?

የሸክላ ማጫወቻን ከአምፕሊፋየር ጋር በቀጥታ ብታገናኙት ድምፁ ደካማና ጆሮ የሚበሳ ይሆናል፣ ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። ማጫወቻው ግን አልተበላሸም። ማግኔት ያለው ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘው ክፍል) የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ሸክላውም ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመርበታል። ያንን መልሶ የሚያስተካክለውና ድምፁን 100 እጥፍ የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። የእነ አምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ዙር ሸክላ ቤቱ ያለው ሰው ሊደክምበት የሚገባ እቃ ነው።

ድምፁን የሚያጎላው ቺፕ፣ ማለትም አይሲው፣ ኤንኢ5532 ይሁን። በውስጡ ሁለት አምፕሊፋየር ስላለ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ይበቃል። ውድ አይሲ ፍለጋ መንከራተት በእኔ እምነት ገንዘብ ማባከን ነው።

ለእያንዳንዱ ቻናል መግቢያውን ከፕላስ እግሩ ጋር አገናኙ፤ ከዚያው ወደ ግራውንድ (የሰርኪዩቱ የጋራ ዜሮ ቮልት) 47 ኪሎ ኦም አድርጉ። ከመውጫው ወደ ማይነስ እግሩ ሁለት የሬዚስተርና የካፓሲተር ጥንዶች ተከታትለው ይመለሳሉ። በአንደኛው ጥንድ 87.6 ኪሎ ኦም (82 እና 5.6 ተቀጣጥለው) ከ36.3 ናኖፋራድ (33 እና 3.3 ጎን ለጎን) ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። ሁለተኛው 7.5 ኪሎ ኦም ከ10 ናኖፋራድ ጋር፣ እሱም ጎን ለጎን ነው። ከማይነስ እግሩ ወደ ግራውንድ 100 ኦምና 220 ማይክሮፋራድ ተከታትለው ይግቡ። 100 ኦሙን በትልቅ አትተኩት፤ ሬዚስተር በጨመረ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል። ሬዚስተሮቹ ሜታል ፊልም፣ ትንንሾቹ ካፓሲተሮች ፊልም ይሁኑ። መውጫው ላይ 2.2 ማይክሮፋራድ፣ ከእሱ በኋላ ወደ ግራውንድ 100 ኪሎ ኦም።

ለፓወሩ ባለ 15-0-15 ትራንስፎርመር፣ ብሪጅ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው)፣ ትልልቅ ካፓሲተሮች፣ ቮልቱን ፕላስ 15 እና ማይነስ 15 ላይ የሚያረጉት 7815 እና 7915። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የ7915 እግሮች አቀማመጥ ከ7815 ይለያል። የጀርባው ብረት ደግሞ ከግራውንድ ሳይሆን ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ነው። ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ መለያ) ከሳጥኑ ጋር ካሰራችሁት ሾርት ይሆናል። የ220 ቮልቱን በኩል ፊውዝ አድርጉለት፤ ካልለመዳችሁት ኤሌክትሪሺያን ይስራው።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ግራውንድ። የመብራታችን ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ነው፣ ይህ ፕሪአምፕ ደግሞ ቤዝን ስለሚያነሳ 50 ኸርዝን የሚያጎላው 700 እጥፍ ገደማ ነው። ለሌላ አምፕ ምንም የማይመስል ስህተት እዚህ ጉርምርምታ ሆኖ ይወጣል።

ግራውንዶቹን እንደ ሰንሰለት አንዱን ካንዱ አታቀጣጥሉ፤ ሁሉም በየራሱ ሽቦ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ። የፓወሩ ትልልቅ ካፓሲተሮች መጀመሪያ እርስ በርስ ይያያዙ፣ ከዚያ አንድ ሽቦ ብቻ ወደ ነጥቡ ይሂድ። የመግቢያ ሶኬቶቹ ብረት ሳጥኑን አይንኩ። ሳጥኑ ራሱ ከነጥቡ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ይያያዝ። ትራንስፎርመሩን ለብቻው ሳጥን ውስጥ ከተን አንድ ሜትር ማራቅ ደግሞ ከማንኛውም ውድ ኬብል ይሻላል። አንድ ሳጥን ውስጥ ካደረጋችሁት ግን ከማሰራችሁ በፊት እያዞራችሁ አዳምጡ። አቅጣጫው ሲቀየር ጉርምርምታው ከፍ ዝቅ ይላል።

ካልጠፋላችሁ የመግቢያውን ሶኬት መሃልና ጠርዝ በሽቦ አገናኙት። ጉርምርምታው ዝም ካለ ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጪ፣ ኬብሉ ወይም ማጫወቻው ጋ ነው። ከቀጠለ ሳጥኑ ውስጥ ፈልጉ።

ከማጫወቻው የሚወጣውን ቀጭን የኧርዝ ሽቦም ሳጥኑ ላይ በብሎን እሰሩት። ኬብል ስትነቅሉና ስትሰኩ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጉ፣ አለዚያ ስፒከሩ ይጎዳል።