ጠላ የሚጠነክረው በጌሾ አይደለም

ባለፈው ለማኅበር የጠመቅኩት ጠላ ውሃ ውሃ አለብኝ። የቀመሰ ሁሉ «ጌሾ አንሶታል» አለኝ። በሚቀጥለው ጌሾውን እጥፍ አደረግኩት። መረረ እንጂ አልጠነከረም።

ጌሾ ምሬት ይሰጣል፣ ጠላው ቶሎ እንዳይኮመጥጥም ይረዳል። የሚያሰክረው ግን ከእህሉ የሚወጣው ስኳር ነው። ብቅሉ የዱቄቱን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይረዋል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን በልቶ አልኮል ያደርገዋል። እንግዲህ ጠላችሁን ማጠንከር ወይም ማለስለስ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የምታዩት እህሉን፣ ብቅሉንና ውሃውን ነው።

የኔ ልኬት ለ20 ሊትር ይኼ ነው፦ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ ለቂጣና ለእንኩሮ (በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ለሚታመሰው ዱቄት) ደግሞ በድምሩ 4 ኪሎ የገብስ ዱቄት። መካከለኛ ጠላ ይወጣዋል። ጠንከር እንዲል ስፈልግ ጌሾውን አልነካውም፤ ዱቄቱን 6 ኪሎ፣ ብቅሉን 1 ኪሎ ተኩል አደርግና ውሃው እዚያው 20 ሊትር ላይ ይቆማል። ለስለስ ያለ ሲያምረኝ ዱቄቱን ወደ 2 ኪሎ ተኩል አወርዳለሁ፣ ያኔ ጌሾውንም መቀነስ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ቀጭን ጠላ ላይ ምሬቱ ጎልቶ ይወጣል።

ብቅል ላይ አትሰስቱ። ዱቄት ጨምራችሁ ብቅሉን እዚያው ከተዋችሁት ስታርቹ ሳይቀየር ይቀርና አተላው ብቻ ይበዛል። ሰኞ ገበያ ስትገዙ ሁለት ሦስት ፍሬ አኝኩ። ቶሎ ከተፈረከሰና ጣፈጥ ካለ ጥሩ ነው። ሻጋታ ከሸተተ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

ስለ እንኩሮ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው ጥቁር ጠላ ኃይለኛ ይመስለዋል። ጥቁረቱ ቀለምና የቆሎ ጣዕም እንጂ ጉልበት አይደለም፣ እንዲያውም ዱቄቱ ካረረ ብቅሉ የሚቀይረው ነገር ይቀንስበታል። እኔ ቡናማ ሲሆን ከምጣዱ አወርደዋለሁ። ትኩሱንም ድፍድፉ (ጋን ውስጥ በመብላላት ላይ ያለው ድብልቅ) ላይ እንዳትገለብጡት! ሙቀት የብቅሉን ኃይል ይገድለዋል፣ እርሾውንም እንደዚያው። በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ።

ስኳር መጨመርስ? ይሠራል። በ1 ሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር አልኮሉን በመቶ 1 ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ ለ20 ሊትር 340 ግራም ማለት ነው። እኔ ግን አልወደውም። ጉልበቱ ይጨምራል፣ ጠላው ግን ይቀጥናል፣ የእህሉ ጣዕም የለም።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። እኔ ያለሁባት ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ፤ ብርድ ደግሞ መብላላቱን ያዘገየዋል፤ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ በ2 ቀን የሚብላላው ጥንስስ እኔ ቤት በክረምት 4 ቀን ይፈጅብኛል። ሳይደርስ ከቀዳችሁት ጣፋጭና ደካማ ይሆናል፣ ጥፋቱን ደግሞ በእህሉ ታላክካላችሁ። ስትቀምሱት ጣፋጩ ከጠፋና አረፋው ከረጋ ደርሷል። በጀሪካን የምትጠምቁ ከሆነ ክዳኑን ጥርቅም አታድርጉት፣ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል።

የቤት ጠላ ብዙ ጊዜ በመቶ ከ2 እስከ 4 አልኮል አለው፣ ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ 5 እና 6 ይደርሳል። አተላው ላይ ውሃ ጨምራችሁ የምታወጡት ቅራሪ ከሁሉም ደካማው ነው፣ ቀን ሥራ ላለበት ሰው እኔ እሱን ነው የምቀዳለት።

ለማይጠጡ ጎረቤቶቻችሁ ቀሪቦ (ከአሻሮ፣ ማለትም ከተቆላ ገብስ፣ የሚሠራ ጣፋጭ መጠጥ) የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ይኼው ሕግ እዚያም እንዳለ አትርሱ። ስኳርና እርሾ እስካለበት ድረስ ባደረ ቁጥር አልኮል እያበጀ ይሄዳል። ለእነሱ እርሾ ሳታስገቡ የአሻሮውን ውሃ አፍልታችሁ፣ አጣፍጣችሁና አቀዝቅዛችሁ በዚያው ቀን አቅርቡላቸው።