ደብረ ሊባኖስ ስትሄዱ ለግንቦት 13ም እደሩ

ሰው ለግንቦት 12፣ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ደብረ ሊባኖስ ይሄዳል፣ ያነግሣል፣ ጠበል ይጠጣል፣ ያኑ ዕለት ይመለሳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ስንቅ የምቋጥረው ለሁለት ቀን ነው። ጣሊያን ሕዝቡን የፈጀው በበዓሉ ማግሥት ነውና።

እንደኔ ከደብረ ብርሃን የምትነሡ ከሆነ በዋዜማው ውጡ። እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍቼ ሳትደርሱ በስተቀኝ ያለው መገንጠያ ላይ ውረዱ። ጋቢ ያዙ፤ የገደል አፋፍ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። ጧፍም ያዙ፣ በዛ አድርጋችሁ።

12 ቀን አስቀድሱ፤ ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻም ውጡ። መንገዱን ማንም ያሳያችኋል።

13 ቀን ጠዋት ግን ወደ ላጋ ወልዴ የሚወስደውን መንገድ አባቶችን ጠይቁ። በዚያ የግንቦት ወር፣ በ1929 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ገዥ የነበረው ግራዚያኒ የካቲት 12 የተወረወረበትን ቦምብ ሰበብ አድርጎ ጄኔራል ማሌቲን ገዳሙ ላይ ላከ። መነኮሳቱንና ለበዓል የመጣውን እንግዳ በካሚዮን እያጋዙ ወስደው እዚያ ገደል አፍ ላይ በጥይት ፈጇቸው። ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም ያሳወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ነው። በኋላ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ያጠኑ ሰዎች ግን የሟቹን ቁጥር ከ1,400 በላይ ያደርሱታል።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በቁጥሩ አትጀምሩላቸው። ትናንት አብረዋችሁ ሲያነግሡ ያዩአቸውን ሰዎች አስታውሷቸው። ስንቅ ያዘሉትን፣ ልጅ ያቀፉትን። የዚያን ጊዜ የመጡትም እንደነሱ ነበሩ በሏቸው። ያኔ ይገባቸዋል። ፎቶ ማንሳቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ነፋሱ ጧፍ ያጠፋል፣ ከድንጋይ ጥግ አብሩት።

ስትመለሱ ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ አለ። ያን ቀን ያልተገደሉትን ዲያቆናት ወደኛ አገር አመጧቸው። ግንቦት 18 ቀን፣ 129ኙን እዚያ ረሸኗቸው። አያቴ መኪናው እንገጫ ሲደርስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ዝም ትል ነበር። ልጅ ሆኜ አቧራውን ፈርታ ይመስለኝ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። እናንተ አያት ካላችሁ ሳትነሡ በፊት ጠይቁ።

ጧፉን ላጋ ወልዴ አትጨርሱት። ግንቦት 18 እንገጫ ያስፈልጋችኋል።