የማድፈጫ ወንበር ሲወዛወዝ፣ ሲጮህ፣ እግር ሲያደነዝዝ

አድፍጦ የሚያድን ሰው ዋና ሥራው ማድፈጫው ውስጥ፣ ማለትም መተኮሻ መስኮት ባለው መደበቂያው ውስጥ፣ መቀመጥ ነው። ሦስት አራት ሰዓት፣ ያለ ኮሽታ። ብዙዎቻችን ግን ለጠመንጃው ወይም ለቀስቱ ወር ሙሉ ስንጨነቅ ከርመን፣ ወንበሩን በመጨረሻው ሌሊት እጃችን ከገባው እናነሳለን። አልመች ሲለን ደግሞ ስፖንጁን እንወቅሳለን። እኔም ስፖንጅ በስፖንጅ ላይ ስደርብ ኖሬያለሁ። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ወንበሩ ከእግራችን ቁመት፣ ከመስኮቱና ከመሬቱ ጋር ስለማይስማማ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግሬ ይደነዝዛል»

አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ከፍ ብሏል። ጫማችሁ መሬቱን በደንብ ካልረገጠ የጭናችሁ ክብደት የወንበሩ የፊት ጠርዝ ላይ ያርፋል። ጠርዙም ከቋንጃ ከፍ ብሎ ያለውን ነርቭና የደም ሥር ይጫናል። የሸራ ወንበር ከሆነ ይብሳል፤ ሸራው መሃሉ ላይ ይረግብና የፊቱ ቧንቧ ጭን ውስጥ ይቀረቀራል።

ተቀምጣችሁ መዳፋችሁን በጭናችሁና በጠርዙ መካከል አስገቡ። ሳይታገል ከገባ ቁመቱ ደህና ነው። ካልገባ የወንበሩን እግር አሳጥሩ። እግሩ የማይስተካከል ከሆነ ከጫማችሁ ሥር ጣውላ አኑሩ። ለብዙ ሰው ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ግን ስትለኩ የአደኑን ጫማና ወፍራም ሱሪ ለብሳችሁ ይሁን። በነጠላ ጫማ የተለካ ቁመት ዋጋ የለውም።

በጣም ዝቅ ያለም አይሆንም። ጉልበት ወደ ደረት ሲጠጋ ወገብ ይጎብጣል፣ ክብደቱም ሁሉ የመቀመጫ አጥንት ላይ ይወርዳል። ደግሞ አደራ፣ በደነዘዘ እግር ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዛችሁ እንዳትነሱ። መጀመሪያ ጥይቱን አውጡ፣ መሣሪያውን አስቀምጡ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አዟዙሩ፣ ከዚያ ተነሱ።

«ለእግሬ ተስማማ፣ መስኮቱ ግን እምቢ አለ»

ይሄኛው ነው የሚያናድደው። ለእግራችሁ ልክ የሆነ ወንበር ለመስኮቱ ዝቅ ሊል ይችላል። አጉሊ መነጽር ያለው ጠመንጃ ከያዛችሁ ደግሞ ችግሩ ይደበቃል። መነጽሩ ከአፈሙዙ ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በመነጽሩ ሜዳው ወለል ብሎ ይታያችኋል፤ አፈሙዙ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ ጠርዝ አዙሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ከተኮሳችሁ የማድፈጫውን ግድግዳ ነው የምትመቱት።

መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ትከሻችሁ አንሱትና ዓይናችሁን ግለጡ። ዓይናችሁን ከመነጽሩ አላቅቃችሁ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚሆነውን እዩ። ጠርዙን ካልዘለለ ወንበሩን ከፍ አድርጉ፣ ከፍ ባደረጋችሁት ልክም ከእግራችሁ ሥር የሚረገጥ ነገር ጨምሩ። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ወደ መደንዘዙ ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ቀስተኞች ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የቀስቱ የታችኛው ጫፍ ከጉልበት ወይም ከወንበሩ የእጅ መደገፊያ ጋር ይጋጫል። ቀስት ከያዛችሁ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር አትምረጡ። ጠበብ ያለ በርጩማ ይሻላል።

«ይወዛወዛል፣ ይንጋደዳል»

ባለአራት እግር ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ባለሦስት እግሩ ግን አይወዛወዝም፤ ሦስት ነጥብ የትም ቢያርፍ ሦስቱም መሬት ይነካሉ። ጉልቻ ሦስት የሆነው በከንቱ አይደለም። ታዲያ ባለሦስት እግር በርጩማ ሳይወዛወዝ ድንገት ይገለብጣችኋል። ክብደታችሁ ከሁለት እግሮቹ መካከል አልፎ ከወጣ አለቀ። እግሮቹ እኩል ከተራራቁ፣ ከመሃል እስከ አንዱ እግር ያለው ርቀት ከመሃል እስከ ሁለቱ እግሮች መስመር ካለው ርቀት እጥፍ ነው። ስለዚህ አንዱን እግር ወደ መስኮቱ አዙሩት። ስታነጣጥሩ የምታዘነብሉት ወደዚያ ነው።

መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ኋላ የሚንጋደድ ከሆነ እግሩ እየሰመጠ ነው። ቀጭን ቧንቧ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንደ ሚስማር ይገባል። ሰፊ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጫማ ያለው እግር ምረጡ። ያው ወንበር ይቆየኝ ካላችሁ ከሥሩ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ አንጥፉ። ማድፈጫው የጨርቅ ወለል ካለው ይህ እንዳይበሳ ያደርጋል።

የሚሽከረከር ወንበር ብቻውን ወደ አንድ ጎን ሲዞርባችሁም ወንጀለኛው መሬቱ ነው። ውሃ ልኩ ስላልተጠበቀ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። ከዝቅተኛው እግር ሥር አንድ ነገር ሻጥ አድርጉ።

«ስዞር ሲጥ ይላል»

አንድ ጠዋት ተቀምጬ ጎህ ሲቀድ፣ እንስሳው ከቁጥቋጦው ግማሽ አካሉን አወጣ። አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ዞርኩ። ወንበሩ ሲጥ አለ። ጆሮው ወደ እኔ ዞረ፣ ቀጥሎ ያየሁት የሚወዛወዝ ቅጠል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ምቹ ወይም ዝምተኛ ምረጥ ብትሉኝ ዝምተኛውን የምመርጠው።

ድምፁ የሚመጣው ብረት ከብረት ከሚፋተግበት መጋጠሚያ ነው። የትኛው እንደሆነ በጆሮ መለየት ያስቸግራል። ሌላ ሰው አስቀምጡና እንዲወዛወዝ አድርጉ፤ እናንተ ጣታችሁን በየመጋጠሚያው ላይ አሳርፉ። የሚጮኸው ከጣታችሁ ሥር ይርገበገባል። ዳዶው ከላላ አጥብቁ፣ በብረቶቹ መካከል የፕላስቲክ ወይም የቆዳ ሮንዴላ አስገቡ። የሻማ ሰም ማሸትም ይሠራል። ዘይት አልወድም፤ ሽታው ከእናንተ ቀድሞ ነፋሱን ይዞ ይሄዳል። እግሮቹ ሲታጠፉ እርስ በርስ የሚንኳኩ ከሆነ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጣችሁ ጠቅልሉባቸው።

ሸራው ራሱ ከሱሪያችሁ ጋር ሲፋተግ ኮሽ የሚል ከሆነ ላዩ ላይ ለስላሳ ሱፍ ነክ ጨርቅ ስፉበት። ፍተሻውን ግን ቤት ውስጥ ሙቀት ላይ አትጨርሱት። ፕላስቲክ ብርድ ላይ ስለሚደርቅ ማታ ዝም ያለው ንጋት ላይ ሊንቋቋ ይችላል።

«ከሥር ይበርደኛል፣ ወገቤም ያልቃል»

ብርዱ ብርድ ልብስ አጥፎ በመቀመጥ አይድንም። ሙቀት የሚይዘው በውስጡ ያለው አየር ነው፤ ስትቀመጡበት አየሩ ይወጣል። ካምፕ ላይ ከመኝታ ሥር የሚነጠፈውን ዓይነት ውሃ የማይመጥ ጠጣር ፎም በልኩ ቁረጡ። ውፍረቱ ቁመቱን እንደሚጨምር ግን አትርሱ፤ መስኮቱን እንደገና ፈትሹ።

ለወገብ ደግሞ መደገፊያ ያስፈልጋል፣ በተለይ ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚቀመጥ። የማድፈጫውን የጨርቅ ግድግዳ መደገፍ አይቆጠርም፤ ይለጠጣል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያሳብቃል።

የማይጠገነው

እግሩ አንዴ የታጠፈ የአሉሚኒየም ወንበር ቢቃናም እጥፋቱ ላይ ደክሟል። ደግሞ የሚታጠፈው እዚያው ላይ ነው፣ እናንተ ወደ ፊት ስታዘነብሉ። ስፌቱ የተተረተረ ሸራ ይሰፋል። ቧንቧው ግን ይጣል።