ከትንሽ ከተማ ተነስቶ የበረዶ ሆኪ ፕሮፌሽናል መሆን የሚቻለው እንዴት ነው?

የሆኪ መልማዮች ትንሽ ከተማን አይንቁም። በካናዳዋ አልበርታ ግዛት፣ በቫይኪንግ ከተማ አቅራቢያ እርሻ ላይ ካደጉት የሳተር ወንድማማቾች ስድስቱ በኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ከፍተኛ የበረዶ ሆኪ ሊግ) ተጫውተዋል። የአሜሪካዋ ዋሮድም ነዋሪዎቿ 2,000 አይሞሉም፤ የኤንኤችኤል ተጫዋቹን ብሮክ ኔልሰንን ግን አፍርታለች። ችግሩ የትንሽ ከተማ ጥቅም እስከ 15 ዓመት ገደማ ብቻ መሆኑ ነው።

1. መጀመሪያ መንሸራተት

በትልቅ ከተማ ቡድኖች የበረዶ ሜዳውን በሰዓት ይሻሙበታል። በትንሽ ከተማ ግን ሜዳው ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ኩሬውም ይረጋል። ልጁ ይህን ጊዜ ጎል በማግባት ብቻ አይጨርሰው። ወደ ኋላ መንሸራተትን፣ በግራም በቀኝም መታጠፍን፣ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ድንገት መቆምን ይልመድ። ጫማውም ልኩ ይሁን፤ ተረከዙ ውስጥ ከዋለለ ስለቱ በረዶውን አይነክስም። ማሰሪያው ጣቶቹ ጋ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ ይበል። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ ጫማ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው።

2. ከቤት መውጣት

ከባዱ ደረጃ ይህ ይመስለኛል። ካናዳ ሦስት ከፍተኛ የጁኒየር (የወጣቶች) ሊጎች አሏት፤ የምዕራቡ ሊግ ልጆችን የሚመርጠው 15 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። ለቡድኑ የሚሰለፍ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ክለቡ ባገኘለት ቤተሰብ ቤት እየኖረ ይማራል። ትምህርቱን ማን እንደሚከታተል፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሲታመም ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስደው አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

መልማይ ምን ያያል? ጎሉንማ ሁሉም ሰው ያየዋል። እሱ የሚያየው ልጁ ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ሲነጠቅ ወዲያው ለመከላከል መመለሱን ወይም ቆሞ ዳኛውን ማማረሩን ነው። አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር በረዶው ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ደክሞትም አልወጣም የሚል ልጅ ቡድኑን ይጎዳል።

3. ጁኒየር ወይስ ዩኒቨርሲቲ?

ቀድሞ በእነዚህ የካናዳ ጁኒየር ሊጎች የተጫወተ ልጅ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሆኪ በር ይዘጋበት ነበር። ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከፍተኛው ዲቪዚዮን ይህ ክልከላ ተነስቷል። ሰውነቱ ዘግይቶ ለሚጎለብት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጊዜ ይሰጠዋል። በተለይ በረኞች ዘግይተው ስለሚበስሉ መቸኮል የለባቸውም። የምዕራቡ ሊግም ለተጫወቱበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ይህን በጽሑፍ መያዝ ነው።

4. ድራፍት

በኤንኤችኤል ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ 32 ቡድኖች በ7 ዙር 224 ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። አለመመረጥ ግን የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ማርቲን ሴንት ሉዊስን ማንም አልመረጠውም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ግን የሊጉ ኮከብ ተብሎ ከታምፓ ቡድን ጋር የስታንሊ ዋንጫን፣ የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚያነሳውን ዋንጫ፣ አንስቷል።

5. የአውቶቡስ ዘመን

ብዙዎቹ ኑሯቸውን የሚገፉት ከኤንኤችኤል በታች ባሉት ኤኤችኤልና ኢሲኤችኤል ነው። በኢሲኤችኤል ደመወዝ በሳምንት ይከፈላል፤ መኖሪያ ቤት የክለቡ ነው፤ ጉዞው በአብዛኛው በአውቶቡስ ነው። ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድም ሌላ አማራጭ ናቸው። ውል ሲመጣ ከጠቅላላው ገንዘብ በፊት ወደ ታችኛው ሊግ ሲወርዱ ደመወዙ ስንት እንደሚሆን ይጠየቅ፤ በሁለት መንገድ ውል፣ ማለትም ደመወዙ እንደሚጫወቱበት ሊግ በሚለያይበት ውል፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ከዚያ የጉዳት ሕክምናና ውሉ ከተቋረጠ ከክለቡ ቤት የመውጫው ቀን፤ ፊርማው ከዚህ በኋላ ይደርሳል።