ገመድ አልባ የክሬን ሪሞት በጥንቃቄ እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚሠራበት

በፋብሪካና በመጋዘን ጣሪያ ሥር በሐዲድ ላይ የሚሄድ ክሬን ለረጅም ጊዜ የሚታዘዘው ከላይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚወርድ የአዝራር ሳጥን ነበር። ገመዱ እየተጠላለፈ ኦፕሬተሩን ቢያስቸግረውም ማንም ልብ ሳይለው ሦስት አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ሳጥኑን የያዘው ሰው ቀና ብሎ ገመዱን በማየት ብቻ የትኛውን ክሬን እንደያዘ ያውቃል፤ ጭነቱ ከማይታይበት ቦታ ሆኖ ክሬኑን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ ትእዛዙም በሽቦ ውስጥ ስለሚሄድ በመንገዱ ላይ የሚያደናቅፈው ሌላ የሬዲዮ ሞገድ የለም። በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ ሪሞት ኦፕሬተሩ ከጭነቱ ራቅ ብሎ ማምለጫ ባለው ቦታ እንዲቆም ስለሚያስችለው በእኔ እምነት ከገመዱ ሳጥን የተሻለ ነው። ነገር ግን ገመዱ ሲነሳ ሦስቱም አገልግሎቶች አብረውት ስለሚነሱ እያንዳንዳቸውን አስቦ በሌላ መንገድ መተካት የግድ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ይህ እንዴት እንደሚከናወን የሚያሳይ ሲሆን፣ ከአምራቹ መመሪያ ጋር አብሮ የሚነበብ እንጂ መመሪያውን የሚተካ አይደለም።

ከመግጠም በፊት የሚጣራው

ዕቃው ሁለት ክፍሎች አሉት። አስተላላፊው በእጅ የሚያዘው ሪሞት ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ክሬኑ ላይ ከመቆጣጠሪያ ቦርዱ አጠገብ የሚሰቀል ሳጥን ሲሆን፣ የመጣለትን ትእዛዝ በሪሌዮች (በትንንሽ የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች) አማካይነት የሞተሮቹን ኃይል ወደሚያበሩና ወደሚያጠፉት ትልልቅ ማብሪያዎች፣ ማለትም ወደ ኮንታክተሮቹ፣ ያሳልፋል። ከመግዛትዎ በፊት የሚሠራበትን ፍሪኩዌንሲ ይመልከቱ። በብዛት የሚገኙት በ433 ሜጋኸርዝ፣ በ868 ሜጋኸርዝ፣ በ915 ሜጋኸርዝ ወይም በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ 868 በአውሮፓ፣ 915 በአሜሪካ አህጉር የተለመደ በመሆኑ በአንዱ አገር ያለ ፈቃድ የሚፈቀደው በሌላው ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ በሚሠሩበት አገር የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ አካል የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ። ለገመድ አልባ የማሽን መቆጣጠሪያዎች በተለይ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 62745 ሲሆን፣ ለማንሻ ማሽኖች የኤሌክትሪክ ክፍል ደግሞ አይኢሲ 60204-32 አለ። ሻጩ ዕቃው እነዚህን እንደሚያሟላ የሚገልጽ ሰነድ ሊያቀርብልዎ ካልቻለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት።

የተቀባዩ ቮልቴጅ ከክሬኑ የቁጥጥር ቮልቴጅ ጋር መመሳሰል አለበት። ይህ እንደ ክሬኑ 24፣ 48፣ 110 ወይም 230 ቮልት ሊሆን ይችላል። ክሬኑ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ተጠግኖ ከሆነ ቦርዱ ውስጥ ያለው ንድፍ ከእውነታው ጋር ላይገጥም ስለሚችል፣ ባለሙያው በመለኪያ እንጂ በወረቀት መተማመን የለበትም።

ተቀባዩን መግጠም

ይህ ክፍል ከፍታ ላይ መሥራት የሚችልና በክሬን ኤሌክትሪክ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። መንጠቆው ባዶ ሆኖ ክሬኑ ከመተላለፊያ ውጪ ይቁም፤ ዋናው ማጥፊያ ይጥፋ፤ በጓጉንቸር ተቆልፎ መክፈቻው በሠራተኛው ኪስ ይግባ፤ ከዚያም መስመሩ ላይ ኃይል አለመኖሩ በመለኪያ ይረጋገጥ። በአንድ ክሬን ላይ ሁለት ሰዎች የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ የራሱን ጓጉንቸር ይስቀል።

ተቀባዩ ንዝረት በሚያበርዱ ጎማዎች ላይ፣ አንቴናው ከብረት ሳጥኑ ውጪ ሆኖ ኦፕሬተሩ ከሚንቀሳቀስበት ወለል በግልጽ እንዲታይ ተደርጎ ይሰቀላል። አንቴናን በብረት ቦርድ ውስጥ መዝጋት ወይም የሞተር ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ኢንቨርተር አጠገብ ማስቀመጥ፣ በኋላ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ለሚመስል መቆራረጥ ዋና መነሻ ነው። በኮንታክተሮቹ ኮይሎች (ጥቅል ሽቦዎች) ላይም የቮልቴጅ ብልጭታ ማፈኛ ካልተገጠመ፣ ኮንታክተሩ በለቀቀ ቁጥር የሚፈጠረው ብልጭታ ተቀባዩን ያውካል፤ የሪሌዮቹንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የማቆሚያው መስመር ነው። በሪሞቱ ላይ ያለው ቀይ ማቆሚያ ሲጫን የአቅጣጫ ሪሌዮቹን ማላቀቁ ብቻ አይበቃም፤ የእንቅስቃሴ ሞተሮቹን ሁሉ የሚመግበውን ዋናውን ኮንታክተር መጣል አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአቅጣጫ ኮንታክተር ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሮ ምላሶቹ በብልጭታ ሊበየዱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ኦፕሬተሩ አዝራሩን ቢለቅም፣ ሪሌዩ ቢከፈትም፣ መንጠቆው መውጣቱን አያቆምም፤ ሊያቆመው የሚችለው ከእርሱ በፊት ያለው ዋናው ኮንታክተር ብቻ ነው። ለዚህም ነው ጥራት ያላቸው ተቀባዮች ለማቆሚያው ሁለት ሪሌዮችን በተከታታይ የሚያኖሩት፤ አንደኛው ቢጣበቅ ሁለተኛው መስመሩን ይቆርጣል። ሽቦውን ለማሳጠር ብሎ ከሁለቱ አንዱን ዘልሎ ማገናኘት ይህን ጥበቃ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል።

የገመዱ ሳጥን ለመጠባበቂያ እንዲቆይ ከተፈለገ፣ በገመድና በሬዲዮ መካከል የሚያማርጥ ማብሪያ ገብቶ በአንድ ጊዜ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንዱ ብቻ ይሁን። በክሬኑ ወይም በግድግዳ ላይ በሽቦ የተገናኘ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ካለ ግን ሪሞት ገባ ተብሎ መነሳት የለበትም። በሬዲዮ የሚሠራው ማቆሚያ ሪሞቱ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ምንም የማያደርግ ፕላስቲክ ስለሚሆን፣ በድንጋጤ ሮጦ የመጣ ሰው ሊተማመንበት የሚችለው በሽቦ የተገናኘውን ነው።

አንድ ሪሞት ለአንድ ክሬን

እያንዳንዱ አስተላላፊ የራሱ መለያ ኮድ ያለው ሲሆን ተቀባዩ የሚታዘዘው ለተጣመረበት ኮድ ብቻ ነው። በመሆኑም ጎረቤት ክሬን በስህተት ትእዛዙን ይሰማል ብሎ መሥጋት ብዙም አያስፈልግም። የሚያሠጋው የሰው ስህተት ነው። ሁለት ክሬኖች በአንድ ሐዲድ ላይ በሚሠሩበት አንድ የማምረቻ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ሪሞቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አይቻለሁ። ኦፕሬተሩ አንዱን አንሥቶ የማውረጃውን አዝራር ሲጫን ፊት ለፊቱ ያለው መንጠቆ አልተንቀሳቀሰም፤ የወረደው ከኋላው ሰንሰለት ሲያያይዝ በነበረው የሥራ ባልደረባው ጀርባ ላይ ያለው መንጠቆ ነበር። ባልደረባው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ወደ ጎን ባይል ኖሮ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። በማግሥቱ በሁለቱም ክሬኖች ላይ ከወለል የሚነበብ ትልቅ ቁጥር ተጻፈ፤ ሪሞቶቹም በተለያየ ቀለም ተለይተው የየክሬናቸው ቁጥር ተለጠፈባቸው። ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ቀን በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ተጠባባቂ ሪሞት የዋናውን ኮድ የያዘ ከሆነ ባትሪው ወጥቶ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከበሩ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚያንቀሳቅስበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል።

አቅጣጫም እንዲሁ ምልክት ይፈልጋል። ሪሞት የያዘ ሰው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ ክሬኑ ግን አይገለበጥም። ስለዚህ በሪሞቱ ላይ «ግራ» እና «ቀኝ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ፣ በብሪጁ (በሐዲዱ ላይ በሚሄደው አግዳሚ ብረት) እና በትሮሊው (መንጠቆውን ይዞ በብሪጁ ላይ በሚንቀሳቀሰው ጋሪ) ላይ ከወለል የሚታዩ ቀስቶችን ከፊደል ወይም ከቀለም ጋር ሥሎ ያንኑ ምልክት በአዝራሮቹ ላይ መድገም ይሻላል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ኃይል ሲለቀቅ መንጠቆው ባዶ፣ ሥሩም ከሰው ነጻ ይሁን። እያንዳንዱን አዝራር በዝቅተኛ ፍጥነት ለአፍታ ብቻ በመጫን እንቅስቃሴው ከምልክቱ ጋር መግጠሙን ይመልከቱ። «ውጣ» ሲባል መንጠቆው ከወረደ ወዲያውኑ ያቁሙ። የሞተሩ ፌዞች (ኃይል የሚያመጡለት መስመሮች) ተገላብጠው ከሆነ የላይኛው ሊሚት ስዊች (መንጠቆው የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚያቆመው ማብሪያ) የሚቆርጠው መንጠቆውን የሚያወጣውን ሳይሆን የሚያወርደውን ትእዛዝ ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ መንጠቆው የማንሻው ገመድ እስከሚጠቀለልበት ከበሮ ድረስ ወጥቶ ይህንኑ ገመድ ሊበጥስ ይችላል። በሪሞቱ ላይ የአዝራሮቹን ምልክት መቀያየር ለዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ይስተካከል።

ቀጥሎ የሞገድ መቋረጥ ሙከራ ይደረጋል። ብሪጁ ያለ ጭነት በዝግታ እየሄደ ሳለ አዝራሩን ሳይለቁ ረዳትዎ ባትሪውን እንዲያወጣው ያድርጉ። ክሬኑ በመመሪያው በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ራሱ መቆም አለበት፤ ይህም በብዛት ከግማሽ እስከ ሁለት ሰከንድ ነው። ሁለት ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ በደቂቃ 40 ሜትር የሚሄድ ብሪጅ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር 1.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። ኦፕሬተሩ ከጭነቱ ምን ያህል ርቆ መቆም እንዳለበት ሲወሰን ይህ ርቀት ይታሰብ። በመጨረሻም ሪሞቱን ይዘው እስከ አዳራሹ ዳርና ማዕዘን ድረስ በመሄድ መቆራረጥ ያለበትን ቦታ ይለዩ።

በየፈረቃው መጀመሪያ

ሪሞቱን በእጅዎ ይዘው ይመልከቱት። ሳጥኑ ተሰንጥቋል? ማንገቻው ደህና ነው? የክሬኑ ቁጥር ይነበባል? ከዚያ ሪሞቱ ጠፍቶ እያለ እያንዳንዱን አዝራር በአውራ ጣት ይጫኑ። ባለሁለት ፍጥነት አዝራር ሲጫን መጀመሪያ አንድ ቀላል መሰናክል ይሰማል፤ ይህ ዝግተኛው ነው። ጠንከር ሲሉ ሁለተኛው ይመጣል፤ ያ ፈጣኑ ነው። ሲለቁት ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት። የብረት ብናኝና ዘይት ባለበት ቦታ የአዝራሩ የጎማ ሽፋን በጊዜ ብዛት ይደርቅና ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ ብናኙ በዚያ ይገባና አዝራሩ ተጭኖ ሲለቀቅ እንደ ሰነፍ ቀስ ብሎ መመለስ ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚጣበቅበትን ቀን አይጠብቁ፤ ቀስ ብሎ የሚመለስ አዝራር ያለው ሪሞት ከሥራ ይውጣ።

ሪሞቱን ሲያበሩ የማቆሚያውን ቀይ አዝራር ለቀው ማስነሻውን ይጫኑ። በትክክል የተሠራ ዕቃ አንድ የአቅጣጫ አዝራር እንኳ ተጭኖ ካገኘ አይነሳም። ጥሩምባውን ያሰሙ፤ በዝግታ አንድ እንቅስቃሴ ጀምረው ቀዩን ይጫኑና መቆሙን ይመልከቱ፤ ከዚያ ባዶውን መንጠቆ በዝግታ አውጥተው ሊሚት ስዊቹ እንደሚያቆመው ያረጋግጡ።

ጭነት ይዞ መሥራት

መንጠቆው ከጭነቱ መካከል በቀጥታ በላይ ይሁን፤ ክሬን የሚያነሳው ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እንዲጎትት አልተሠራም። ጭነቱን ከመሬት 10 ሳንቲሜትር ያህል አንሥተው ያቁሙት፤ ፍሬኑ ከያዘ፣ ጭነቱም ካልተንሸራተተና ካላዘነበለ ይቀጥሉ። ከጭነቱ ጎን ወይም ከኋላው ሆነው፣ ወደፊት እያዩ ይራመዱ። ወደ ኋላ እየተራመዱ ጭነትን መምራት አደጋ ሊያስከትል የሚችል ልማድ ስለሆነ በፍጹም አይፈቀድ። የሪሞቱ ሞገድ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የኦፕሬተሩ ሥልጣን ግን ዓይኑ እስከሚያይበት ብቻ ነው። ጭነቱ ከዕይታ ከተሰወረ ያቁሙ፤ ወይም አስቀድመው የተስማሙበት አንድ ምልክት ሰጪ ይኑር።

ቀዩን አዝራር ለተለመደው ማቆም አይጠቀሙበት። ፍሬኑ በድንገት ሲይዝ የተንጠለጠለው ጭነት ይወዛወዛል፤ የፍሬኑ ሽፋንም ቶሎ ያልቃል። ከፈጣኑ ወደ ዝግተኛው ወርደው፣ ከዚያ ይልቀቁ። ጭነት ተንጠልጥሎ ሳለ ሪሞቱን ለማንም አያቀብሉ፤ ለአፍታም ቢሆን ሳያጠፉ አያስቀምጡት።

እንከን ሲገጥም

ሪሞቱ ቅርብ ሲሆኑ ብቻ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዚያ የላላ አንቴናን ይጠርጥሩ። የሚሞላ ባትሪንና የማይሞላን አደባልቀው አያስገቡ። በተወሰነ ሰዓት ወይም ቦታ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ሌላ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል ቻናሉ በባለሙያ ይቀየር። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ እምቢ ካለ አዝራሩ ሲጫን የተቀባዩ መብራት ይበራ እንደሆነ ይታይ፤ ከበራ ችግሩ ከሪሞቱ ሳይሆን ከኮንታክተሩ ወይም ከሊሚት ስዊቹ በኩል ነው። አዝራር ተለቆ እንቅስቃሴው ከቀጠለ ቀዩን ይጫኑ፤ ካልቆመ ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ። ይህ ማጥፊያ የት እንዳለ በአዳራሹ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት። ክሬኑ እንደገና ሲሞከር «ተስተካከለ» ቢመስልም ሳይመረመር ወደ ሥራ አይመለስ።

ሥራ ሲያልቅ ጭነቱን አውርደው፣ መንጠቆውን ከሰው ቁመት በላይ ከፍ አድርገው፣ ቀዩን ተጭነው የሪሞቱን መክፈቻ ያውጡ። ዋናውን ማጥፊያ ያጥፉ። ባትሪው ወደ ቻርጀሩ፣ ሪሞቱ በቁጥሩ ወደተለየ የሚቆለፍ ቦታው፣ መክፈቻው ደግሞ በፈረቃ መዝገቡ ላይ ለፈረመው ተረካቢ ይሄዳል።